በመዳፍ ላይ የተጻፈ ቁጥር፦ በቢቸናና በሞጣ ስለ ስውር የነርቭ ምልክቶች የተማርሁት

ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። በእስክርቢቶ ክዳን ጫፍ መዳፉ ላይ «3» ጻፍሁና ምን እንደ ጻፍሁ ጠየቅሁት። ዝም አለ። «8» ጻፍሁ፤ አሁንም ዝም አለ። አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ መልስ ባጣሁ ጊዜ በቅጹ ላይ ከፍተኛውን የጉድለት ነጥብ «2»ን ሞላሁ። ልጁ ከቢቸና ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣ የ16 ዓመት እረኛ ነበር። ድምፅ መስማት ከጀመረው፣ ከሰው ተለይቶም ከጎተራ ሥር መቀመጥ ካበዛ ጥቂት ወራት ሆኖታል። እናቱ ከጎኑ ተቀምጠው ሁሉን ይመለከቱ ነበር። ቅጹን ሳጥፍ «ዶክተር፣ ይህ ልጅ እኮ ቁጥር አልተማረም» አሉኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሥነ አእምሮ ነርስነት ካገለገልሁ በኋላ ወደ ማስተርስ ትምህርት የገባሁ ተማሪ ነኝ። እኒያ እናት የተናገሩት ቃል ግን በክፍል ውስጥ ያልተነገረኝን አስተማረኝ። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው የተጠናቀቀ ጥናት ውጤት አይደለም። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥሁትን መለኪያ ለመለማመድ በቢቸናና በሞጣ ባሳለፍኋቸው ሳምንታት የገጠመኝንና በጥናቴ ንድፍ ላይ ያስከተለውን ለውጥ ነው። የታካሚዎቹን ማንነት ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

በነርቭ ምርመራ ግልጽ የምንለው ምልክት ጉዳቱ ያለበትን ስፍራ ለመጠቆም የሚያስችለው ነው፤ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ስውር የነርቭ ምልክቶች ግን እንዲህ ባለ አንድ ስፍራ የሚወሰኑ አይደሉም። በሦስት ዘርፍ ይመደባሉ፦ የስሜት ሕዋሳትን መረጃ ማቀናጀት፣ እንቅስቃሴን ማስተባበር፣ ተከታታይ እንቅስቃሴን በቅደም ተከተል መፈጸም። በመዳፍ ላይ የተጻፈን ቁጥር ዐይንን ጨፍኖ መለየት ከመጀመሪያው ዘርፍ ነው። መዳፍን ፈጥኖ ማገላበጥ ከሁለተኛው ነው። ጡጫን፣ የእጅን ጠርዝና መዳፍን በተራ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ የሩሲያዊው የነርቭ ሥነ ልቦና ሊቅ የአሌክሳንደር ሉሪያ ፈተና፣ ከሦስተኛው ነው። ሮበርት ቡካናንና ዳግላስ ሃይንሪክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት መለኪያ እነዚህንና መሰሎቻቸውን በ26 ፈተናዎች ያጠቃልላል። የሚጠይቀው ወንበር፣ ጥቂት ቀላል ዕቃዎችና የሠለጠነ ዐይን ብቻ ነው።

ምልክቶቹ ከአንጎል አወቃቀር ጋር ያላቸው ዝምድና ለረጅም ጊዜ ሲጠና ቆይቷል። ኢቭ ጆንስተንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1976 በሲቲ ስካን ሥር የሰደደ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች በአንጎላቸው ውስጥ ያሉት ፈሳሽ ያዘሉ ክፍተቶች ሰፍተው እንደሚገኙ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓኦላ ዳዛን ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይኮሲስ የታመሙ 77 ሰዎችን በኤም አር አይ መርምሮ፣ ስውር ምልክቶች የበዙባቸው ታካሚዎች እንቅስቃሴን በሚያሰናዱት የአንጎል ጥልቅ እምብርቶች፣ ማለትም በባዛል ጋንግሊያ፣ የመጠን መቀነስ እንደሚታይባቸው ዘገበ። ናንሲ አንድሪያሰን ደግሞ በኮርቴክስ፣ በታላመስና በትንሹ አንጎል በሴሬቤለም መካከል ያለው ዑደት ሲታወክ የእጅ ቅንጅትም የሐሳብ ቅንጅትም አብሮ ይናጋል የሚል ሐሳብ አቅርባለች። ይህ ሐሳብ እጅን በመመርመር ስለ አንጎል መጠየቅ ለምን ትርጉም እንዳለው ያስረዳል።

በጉርምስና ዕድሜ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ አንጎሉ ገና በመታነጽ ላይ ነውና። የፖል ቶምፕሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 በልጅነት የጀመረ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን 12 ልጆች ከ12 ጤነኞች ጋር በተደጋጋሚ ኤም አር አይ አነጻጽሮ፣ የግራጫው የአንጎል ክፍል መሳሳት ከጎን ከፍ ካለው ክፍል ጀምሮ ወደ ፊተኛው ሲዛመት አሳይቷል። ኤኒግማ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ትንታኔ ከ260 በላይ የሚሆኑ ሳይኮሲስ ያለባቸው ጎረምሶችን ከጤነኛ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በአማካይ የራስ ቅል ውስጣዊ ይዘትና የሂፖካምፐስ መጠን አነስ ብሎ አግኝቷል። ከዚህ ጋር መዘንጋት የማይገባው፣ ጤነኛ ልጅም ስውር ምልክት ሊኖረው እንደሚችልና አንጎሉ ሲበስል ምልክቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ የ13 ዓመቱን ልጅ በ25 ዓመት ሰው ሚዛን መለካት አይገባም።

መለኪያውን የመረጥሁት በሀገራችን ሁኔታ ምክንያት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ለሚኖር ገበሬ ኤም አር አይ ማለት ወደ ትልቅ ከተማ የሚደረግ ጉዞ፣ የማደሪያ ኪራይና ምናልባትም የአንድ በሬ ዋጋ ነው። ሕመሙ ግን ጉዞውን አይጠብቅም። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተካሄደው ታላቅ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ቤት ለቤት ሲጠየቁ፣ ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ከቶ አግኝተው አያውቁም ነበር። ከዚያው ጥናት ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሉ የታየው ደግሞ ከጠቅላላው ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በወንበርና በጠረጴዛ የሚሠራ ምርመራ ሕመሙን ቀድሞ ለመለየት ይረዳ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በዚያ ተስፋ ላይ ሳለሁ ነው እረኛው መዳፉን የዘረጋልኝ።

እናቱ ያሉትን ከሰማሁ በኋላ ፈተናውን በሌላ መልክ ደገምሁት። መስቀል፣ ክብና ቀጥ ያለ መስመር በመሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየሁት። ከዚያም ዐይኑን አስጨፍኜ መዳፉ ላይ ሣልሁ። ከስድስቱ ስድስቱንም አወቀ። በመዳፉና በአንጎሉ መካከል ያለው መንገድ ጤነኛ ነበር፤ የጎደለው ትምህርት ቤት ነው። ቅጹ ላይ የሞላሁት «2» በልጁ ላይ የጻፍሁት ሐሰት ነበረ። በመቶ ልጆች ላይ እንዲህ ብሞላ ኖሮ «በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ስውር ምልክት በርክቶ ተገኘ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ሊያነበኝ የሚችል ሰውም ያምነኝ ነበር።

የሉሪያው ፈተና ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጡጫ፣ ጠርዝ፣ መዳፍ፤ ጡጫ፣ ጠርዝ፣ መዳፍ። ለዚህ ፊደል አያስፈልግም። ልጁ አብሮኝ ሲሠራ ይከተለኛል፤ ብቻውን ስተወው ከሦስተኛው ዙር በኋላ ጠርዙን ይዘልላል፣ ጡጫውን ይደግማል፣ ያቆማል፣ እጁን ያየዋል። አሥር ጊዜ ካለማመድሁትም በኋላ አልተስተካከለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ልጅ አንድ የሐሰትና አንድ እውነተኛ ሊሆን የሚችል ምልክት አገኘሁ፤ ቅጹ ግን ሁለቱን በአንድ ቁጥር ይደምራቸው ነበር።

ማታ ባረፍሁበት ቤት ስለዚህ ሳስብ ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ትዝ አለኝ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ ዳምጤን የአካባቢው ሰው «ጉዱ ካሳ» የሚለው፣ አእምሮው ስለ ታወከ ሳይሆን ሐሳቡ ከዘመኑ ሥርዐት ጋር ስላልገጠመ ነው። ማኅበረሰብ ጤነኛውን ሰው በስም ብቻ ሊያሳብደው ይችላል። እኔም በቅጽ ይህንኑ ላደርግ እችል ኖሯል። ልዩነቱ የእኔው ስሕተት በአኃዝ የተጻፈ በመሆኑ ይበልጥ የሚታመን መሆኑ ነው።

ከቢቸና ቀጥሎ ሞጣ ሄድሁ። በዚያ ያገኘሁት የ17 ዓመት ዲያቆን የቅኔ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይሉ ነበር። አብሾ በቆሎ ተማሪዎች ዘንድ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከዕፀ ፋርስ ይዘጋጃል የሚባል መጠጥ ነው። ዕፀ ፋርስ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት በእርግጥም ሰውን ሊያስቀባዥር ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መመረዝ የዐይን ብሌን ያሰፋል፣ አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። የዚህ ልጅ ሕመም ግን ቀስ ብሎ ገብቶ ለወራት የቆየ ነበር።

መምህሩን አገኘኋቸው። «የኔታ፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው ያስታውሳሉ?» አልኋቸው። ድምፅ ይሰማኛል ማለት የጀመረው ከፋሲካ በኋላ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ትንሽ ዝም ብለው ግን «እኔስ ከዚያ በፊት ነው የጠረጠርሁት» አሉ። «በማኅሌት ጊዜ መቋሚያው ከከበሮው ጋር የሚገጥም ልጅ ነበር፤ ሲያሸበሽብ ዐይን ይስባል። ከጥምቀት ወዲህ ግን መቋሚያው ከከበሮው ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሰንፈህ ነው ብዬ ገሠጽሁት። አሁን ሳስበው የገሠጽሁት የታመመን ልጅ ኖሯል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

እኒህ መምህር ስለ ሴሬቤለም አልተማሩም። ያዩት ነገር ግን በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1946 ከተወለዱ ሕፃናት ክትትል ከተገኘው ቁም ነገር ጋር ይቀራረባል፤ በኋላ ስኪዞፍሬንያ የያዛቸው ሰዎች በልጅነታቸው በእግራቸው መሄድ የጀመሩት በአማካይ ዘግይተው ነበር። አሜሪካዊቷ ኤሌን ዎከርም ታካሚዎች ከመታመማቸው ከብዙ ዓመት በፊት በቤተሰብ የተቀረጹ ፊልሞችን አስመርምራ በእንቅስቃሴያቸው ላይ ልዩነት አግኝታለች። የኔታ ፊልም የላቸውም፤ ግን በየበዓሉ ያንኑ ልጅ በዚያው ከበሮ አጠገብ ለዓመታት አይተውታል። እኔ ልጁን ከማላውቀው አማካይ ጋር ሳነጻጽረው እርሳቸው ከትናንት ማንነቱ ጋር አነጻጸሩት።

በማግሥቱ ልጁን መረመርሁት። ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያነብ፣ የግእዝ አኃዝ የሚያውቅ ነውና በመዳፉ ላይ «፫» እና «፯» ስጽፍ ሳይቸገር ለየ። በጠረጴዛ ላይ በጣቴ ምት እየመታሁ እንዲደግም ስጠይቀው ግን አጭሩን ምት ከረጅሙ ያምታታ ነበር። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሕክምና ጀምሮ ስለ ነበር ከመድኃኒቱ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በሀገራችን በብዛት የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን እጅን ያንቀጠቅጣሉ፣ ጡንቻን ያገትራሉ፣ እንቅስቃሴን ያዘገያሉ። የአንጎል መጠንም ቢሆን ከመድኃኒት ነጻ አይደለም፤ ቤንግ ቹን ሆና አንድሪያሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የረጅም ጊዜ ክትትል ብዙ መድኃኒት ከአንጎል መጠን መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ የኔታ የተናገሩት፣ መድኃኒት ከመጀመሩ ከወራት በፊት የሆነው ነገር፣ ከእኔ ምርመራ ይልቅ ንጹሕ ማስረጃ ነበር።

በዚህ አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጎጃምና የጎንደር ጥቁር አፈር ጓያ ያበቅላል፤ በችግር ዘመን ጓያን አብዝቶ የተመገበ ሰው እግሩ ሊገተርና በጣቱ ጫፍ እየተሳበ ሊሄድ ይችላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ ያጠኑት ይህ ሕመም ግልጽ የነርቭ ምልክት ነው፤ ከሳይኮሲስ ጋር አይገናኝም። መስመር ላይ የመራመድን ፈተና ግን ያስወድቃል። በደጋው የሚታየው የአዮዲን እጥረት፣ የሚጥል በሽታ፣ የወሊድ ጊዜ ጉዳትና የራስ ቅል ምት እንዲሁ የእጅን ቅንጅት ሊያውኩ ይችላሉ። ስለ እነዚህ ሳይጠይቅ ነጥብ የሚደምር አጥኚ ሁሉንም በሳይኮሲስ ስም ይመዘግባል።

ከሞጣ ስመለስ በቢቸና ቆሜ የእረኛውን እናት በድጋሚ አገኘኋቸው። የኔታን የጠየቅሁትን እርሳቸውንም ጠየቅሁ፦ «እናቴ፣ ከመታመሙ በፊት እጁ ምን ይችል ነበር?» ፊታቸው በራ። ልጁ ዋሽንት ይነፋ እንደ ነበር፣ ከብቶቹም በድምፁ ይሰበሰቡ እንደ ነበር አወሩኝ። ከክረምት ወዲህ ግን ጣቱ እንቢ እንዳለው ነገሩኝ። መንፋቱን ራሱ ጠልቶት፣ ወይስ እየሞከረ አቅቶት እንደ ሆነ ጠየቅሁ፤ ፍላጎት ማጣትም የሕመሙ አንዱ መልክ ነውና ሁለቱን መለየት ነበረብኝ። «ይሞክራል እንጂ፤ ይሞክርና ዋሽንቱን ይወረውረዋል» አሉኝ።

ከዚያ ሊያሳርፋቸው ይችላል ብዬ ያሰብሁትን ነገርኋቸው። ሕመሙ የእርሳቸው ጥፋትም፣ የልጁ ስንፍናም እንዳልሆነ፤ አንጎል የሚሠራበት መንገድ ሲታወክ የሚመጣ እንደ ሆነ አስረዳኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አንጎሉ ነው ካልኸኝማ» አሉ በመጨረሻ፣ ያን ጊዜ «ዶክተር» ማለቱን ትተው እንደ ልጃቸው እየጠሩኝ፣ «የተሰነጠቀ እንስራ ውኃ ይይዛል እንዴ፣ ልጄ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ ነው በሌሎች ሀገሮችም ይኸው መታየቱን የተረዳሁት። ሕመሙን በሥነ ሕይወታዊ ምክንያት ማስረዳት ወቀሳን ይቀንሳል፤ ተስፋንም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። እኔ የእናቲቱን ጸጸት ላነሣ ስሞክር በምትኩ ተስፋ መቁረጥን አስቀምጬ ልሄድ ነበር።

የመለስሁላቸው የማውቀውን ያህል ነው። አንጎል እንስራ አይደለም፤ በ16 ዓመት ገና እየተሠራ ያለ ነው። በጥናቶቹ የታየው ልዩነት የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የአንድ ልጅ ፍርድ አይደለም፤ የታማሚዎችና የጤነኞች ልኬት በአብዛኛው ይደራረባልና። ሕመሙ ሲሻሻል ስውር ምልክቶቹም በብዙዎች ላይ ይቀንሳሉ። በሀገራችን የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም እንዳሳየውም፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚሰጥ ክትትል በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል። ማለትም እርዳታው ሩቅ ከተማ ብቻ መሆን የለበትም። ጸበሉን እንዲተዉ አልጠየቅኋቸውም፤ መድኃኒቱም ጸበሉም ሳይቋረጡ እንዲቀጥሉ ተስማማን።

ከዚህ በኋላ የጥናቴን ንድፍ በአራት ነገር ለወጥሁ። አንደኛ፣ ማንበብን ወይም ቁጥርን የሚጠይቅ ፈተና ሁሉ ፊደል ላልቆጠረ ልጅ በቅርጽ እንዲተካና ነጥቡ ለብቻው እንዲተነተን አደረግሁ። ሁለተኛ፣ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ጤነኛ ልጆች ከዚያው ቀበሌ፣ በዕድሜም በትምህርትም የሚመሳሰሉ እንዲሆኑ ወሰንሁ፤ ከከተማ ትምህርት ቤት የሚወሰድ ንጽጽር የሚያሳየው ድህነትን ነው። ሦስተኛ፣ ምርመራው መድኃኒት ሳይጀመር እንዲሆን፣ ካልተቻለ ደግሞ ከመድኃኒት የሚመጣው መንቀጥቀጥና መገተር በራሱ መለኪያ እንዲለካ አስገባሁ። አራተኛ፣ በቅጹ መጀመሪያ ላይ ለቤተሰብ ወይም ለመምህር የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ጨመርሁ፦ ከመታመሙ በፊት እጁ ምን ይችል ነበር፤ አሁንስ?

ዛሬ በ0.064 ቴስላ የሚሠራ፣ በመንኮራኩር ተገፍቶ አልጋ አጠገብ የሚደርስ አነስተኛ ኤም አር አይ አለ። እንዲህ ያለው መሣሪያ አንድ ቀን በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች እንደሚገባ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዕጢን ወይም ደም መፍሰስን ለይቶ ለማውጣት ብቻ እንኳ ብዙ ይጠቅማል። መሣሪያው ሲመጣ ግን ምስሉን የምናነጻጽርበት የራሳችን ልጆች መጠን፣ የምንጠይቀውም ትክክለኛ ጥያቄ ሊኖረን ይገባል። ያን ማዘጋጀት አሁን፣ በወንበርና በጠረጴዛ፣ የሚጀመር ሥራ ነው።

እረኛውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ሕክምና ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጡጫ፣ ጠርዝ፣ መዳፍ፤ አምስት ዙር ሳይሳሳት ሄደ፤ በስድስተኛው ጠርዙን ዘለለ። ነጥቡን ዝቅ አድርጌ ሞላሁ። የመጀመሪያውን ቅጽ ከዶሴው አውጥቼ በመዳፉ ላይ የጻፍሁት ቁጥር አጠገብ ያለውን «2» ሰረዝሁት፤ ከጎኑም «ፈተናው አልተገባም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁበት። ዋሽንቱን ይዞ መምጣቱን ጠየቅሁት። ቤት እንዳለ ነገረኝ።